ያልተፈረመበት ቅዳሜ

ሱልጣን ከአምስተኛ ፎቅ ጣሪያ ተገፍቶ ሞተ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ነው፤ የጎረቤት ሆቴል ካሜራ ሲወድቅ ቀርጾታል፣ ጣሪያውን ግን አያሳይም። ሬሳው ከጄኔሬተሩ ጀርባ ስለወደቀ፣ ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩን ሊያስነሱ እስኪሄዱ ማንም አላየውም።

ኢንስፔክተር ኣብርሀት ቦሌ ስትደርስ ተጠርጣሪ ተይዞ ጠበቃት፦ የሕንፃው ጥበቃ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ። የጣሪያው ቁልፍ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ሱልጣንን «እዚያ ላይ አታጭስ» ብለው ተጣልተውታል። ፖሊሶች ቀበቷቸውን አስፈትተው ጣቢያ አስገብተዋቸዋል። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ።

«ቁልፉን ማን ይወስዳል?» አለቻቸው ጣቢያ ሄዳ።

«ያልወሰደው ማን አለ ልጄ? ኔትወርክ እምቢ ባለ ቁጥር ከመንጠቆው አንስተው ይወጣሉ።» በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን ይዘዋል።

ሕንፃው ውስጥ ከየመስሪያ ቤቱ የተላኩ የመንግሥት ተንታኞች በየቅዳሜው ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ዳታ ሳይንስ በማስተርስ ይማራሉ። ስድስት ናቸው። ሦስቱ በአንድ ሰርቪስ ሦስት ሰዓት ላይ ስለደረሱ ተወቻቸው። የቀሩት መምህሩ ዶክተር ጉዲና፣ መሐሪና ሔዋን ነበሩ።

«ዶክተር፣ ሱልጣን ከስሶዎት ነበር አሉ።»

«ክፍል ገብቶ ስልኩን ነው የሚያየው ብሎ። እውነቱን ነው። በእውነት ደግሞ ሰው አይገደልም።»

«ይገደላል። ተማሪዎቹ መገኘታቸውን የሚፈርሙባቸውን ወረቀቶች ይስጡኝ።»

«ትምህርቱ ሲያልቅ ለፐርሶኔል ነው የምልከው፣ እኔ አላየውም» አለና ክምሩን ገፋላት።

መሐሪ አይኑ ቀልቷል። «ማታ ደውዬለት ነበር፤ በጠዋት ተገናኝተን እንድንታረቅ። እኔ ራሴ ሦስት ሰዓት ደረስኩ። ሲቀር፣ እንደልማዱ ዘገየ ብዬ ዝም አልኩ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በትምህርት።»

የቀረውን ሔዋን ነገረቻት። «ወንድማማች ነበሩ እኮ። ሱልጣን ከአራብሳ እስኪመጣ መሐሪ ይፈርምለታል። እኔም ታክሲ ሳጣ ይፈርምልኛል፤ ዛሬም አራት ሰዓት ነው የገባሁት።»

«ጸቡስ?»

«መሐሪ ለመመረቂያው ሁለት መቶ ገበሬ ስለማዳበሪያ ጠየቅሁ ይላል። ሱልጣን ሲያየው አርባው የተጠየቁት ጳጉሜ ስድስት ቀን ነው። ያን ዓመት ጳጉሜ አምስት ብቻ ነበረች።»

«ቁጭ ብሎ ፈጥሮታል?»

«በዚያ ቁጥር ማዳበሪያ ሊደለደል ነው። ሱልጣን ‹ሰኞ ራስህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› ብሎታል።»

ኣብርሀት አርባ አንዱን ወረቀት አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ሦስቱንም ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ ወልደጊዮርጊስ የገደሉት ከሆነ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ከእናንተ መሃል የሱልጣንን መሞት የሚያውቅ የለም፤ ልክ?»

ወደ መሐሪ ዞረች።

«መሐሪ፣ ዘገየ ብለህ ነበር የጠበቅከው?»

«አዎ።»

«አርባ ቅዳሜ ሙሉ ሲዘገይ ፈርመህለታል። አንዱም አላመለጠህም። ዛሬ ቦታው ባዶ ነው።»

«ረሳሁ።»

«አትርሳ እንጂ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ስሙ በፊደል ተራ ነው። ሔዋን፣ መሐሪ፣ ሱልጣን። ለሔዋን ፈርመሃል፤ አራት ሰዓት ነው የገባችው። ለራስህ ፈርመሃል። እጅህ ሱልጣን ላይ ሲደርስ ቆመ። ለሚዘገይ ሰው ትፈርማለህ፤ ዛሬ ግን እንደማይመጣ ታውቅ ነበር።»

ዶክተር ጉዲና ስልኩን አስቀመጠ።

«ፈርመህለት ቢሆን ኖሮ ምንም ማስረጃ አልነበረኝም» አለች።

መሐሪ ወረቀቱን ብዙ አየው። «ልግደለው ብዬ አልጠራሁትም። ዝም በል ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ገፋሁት» አለ። «ከዚያ ወረቀቱ ሲመጣ… ብዕሩን ያዝኩ። ለሞተ ሰው እንዴት ይፈረማል? እጄ እምቢ አለኝ።»

ሔዋን ፊቷን አዞረች።

ኣብርሀት ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ጣቢያ ደወለች።

«ጋሽ ወልደጊዮርጊስን ልቀቁ» አለች። «ቀበቷቸውንም መልሱላቸው።»