እጅጌው የተቃጠለ ካፖርት

ሽቦ ሁለቱን ካርቶኖች ጎን ለጎን ከፍታ ጆሮዋን ወደ በሩ ጣለች። የቤተ መዛግብቱ ኮሪደር ላይ ኮቴ አይሰማም። አንደኛው ካርቶን ውስጥ ያለው ጥቅል የድምፅ ክር፣ የድሮ ቴፕ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በድሮ ዘመን ያሳዩት ቲያትር የተቀዳበት ነው። የክፍል ጓደኛዋ ሬዲዮ ለነገው ዝግጅት ብላ አውጥታ ጋሪው ላይ አስቀምጣዋለች። ሌላው ሽቦ ራሷ ከመደርደሪያ ያመጣችው ነው፤ አንድ የእንስሳት ሐኪም ስለ ላም ሆድ የሰጡት ትምህርት። ክሮቹ ሲታዩ መንታ ናቸው። አቀያየረቻቸው፤ የላሟን ሆድ በቲያትሩ ካርቶን፣ ቲያትሩን በላሟ ሆድ ካርቶን። ክዳኖቹን ገጥማ አንዱን ጋሪው ላይ፣ ሌላውን መደርደሪያው ላይ መለሰች። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

እናቷ የሰሞኑን ኩርፊያዋን እያየች «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያለች ትተርትባት ነበር። ሽቦ ግን ሳልም አልነበረባት፣ ጸሎትም አላሰበችም።

ሽቦ የተባለችው በቅጥነቷም በግትርነቷም ነው። ሬዲዮ ደግሞ አፏ ስለማይዘጋ ሬዲዮ ተባለች። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ካንዷ ቤት ምሳ ከተበላ ሌላዋ ቤት መክሰስ ይቀጥላል። ዘንድሮ የትምህርት ቤታቸው የታሪክ ክበብ በየቅዳሜው የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መዛግብት እንዲያግዙ ሲልካቸውም አብረው ነው የሄዱት።

ሽቦ መጀመሪያ ቤተ መዛግብት ማለት ወረቀትና አቧራ ነው ብላ ነበር። ምድር ቤት ስትወርድ ያየችው ሌላ ነው። ሰፋፊ መሳቢያዎች ውስጥ የተኙ ካርታዎች፣ በመስታወት ላይ የተነሱ ፎቶዎች፣ ወረቀት መካከል የደረቁ አበቦችና ቅጠሎች፣ የድንጋይ ናሙናዎች፣ የአንድ የሞቱ ፕሮፌሰር መነጽር፣ ቀለማቸው ያልለቀቀ የምርጫ ፖስተሮች፣ የቲያትር ልብሶች። የቤቱ ኃላፊ እስክሪብቶ የያዘ ሰው በር እንዲያልፍ ስለማይፈቅዱ ተማሪዎቹ እትዬ እርሳስ ይሏቸዋል። አንድ ዕቃ ከመደርደሪያ ሲወጣ በቦታው ቀይ ካርድ ይተካል፤ ካርዱ ላይ የወሰደው ሰው ስም በእርሳስ ይጻፋል። ዕቃው ሲመለስ ደግሞ ወደ ገዛ ቦታው ብቻ ነው የሚመለሰው። እትዬ እርሳስ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም።

ካፖርቱን ያገኘችው ሽቦ ናት። የተጠቀለለበትን አሮጌ ወረቀት በአዲስ ስትቀይር ግራ እጅጌው እስከ ክርኑ ድረስ እንደሌለ አየች፤ ጠርዙ ጠቁሯል። ከጆንያ የተሰፋ የወታደር ካፖርት ነው፤ ለምን እንደተቃጠለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከሳምንታት በኋላ አንድ የመስታወት ፎቶ ስታጸዳ ያንኑ ካፖርት የለበሰ ወጣት አየች፤ በፎቶው ላይ ሁለቱም እጅጌዎች አሉ። ሌላ ቀን እትዬ እርሳስ የአንድ ቲያትር የድምፅ ክር ደህና መሆኑን ለማየት ሲያጫውቱ፣ የቲያትሩ ወታደር ስለያዘው ሻማ የሚናገርበት ቦታ ላይ ድንገት ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ አንዲት ተዋናይ «ውሃ አምጡ እንጂ! ምን ያስቃችኋል?» ብላ ተቆጣች፤ ተመልካቹ የቲያትሩ ክፍል መስሎት በሳቅ ፈነዳ። ሽቦም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ልብሱ፣ ፎቶውና ድምፁ በሦስት የተለያዩ ክፍሎች ተቀምጠው እጅጌው የተቃጠለበት የአንድ ምሽት ነገር ናቸው። ሬዲዮ ያን ጊዜ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካ ነበር።

ሽቦ ይህን ሁሉ ለማንም ከመናገሯ በፊት አውቶቡስ ውስጥ ለሬዲዮ ነገረቻት። ሰኞ ጠዋት ሬዲዮ ለክበቡ መምህር ነገረች፤ «እኔ ያገኘሁት» ብላ። መምህሩ ለእትዬ እርሳስ ደወሉ። እትዬ እርሳስ በጣም ተደንቀው ሬዲዮ በዩኒቨርሲቲው የጉብኝት ቀን እንግዶች ፊት ታቅርበው አሉ። ጥሩ ካቀረበች ደግሞ በእረፍቱ ወራት ቤተ መዛግብቱ ውስጥ የምትሠራው ረዳት እሷ ትሆናለች። ቦታው አንድ ነው። ሽቦ ያን ቦታ በእንቅልፏም በውኗም ስታልመው የከረመች ናት።

ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይዛ አፋጠጠቻት።

«ያ ነገር የኔ ነው» አለቻት።

«ምኑ ነው ያንቺ? ካፖርቱ?» አለች ሬዲዮ እየሳቀች። «ባክሽ ተይኝ። አንቺ እኮ ሰው ፊት ስትቆሚ አፍሽ ይተሳሰራል። እኔ ባላወራው ማን ይሰማው ነበር?»

እውነትም የሽቦ አፍ ተሳሰረ። በዚያው ሳምንት መምህሩ ለብቻዋ ጠርተው፣ በጓደኛዋ ስኬት መቅናት እንደማያምርባት መከሯት። ይህንንም ያወራችላቸው ሬዲዮ ናት።  ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽቦ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ የምታሰላስለው ብድሯን እንዴት እንደምትመልስ ብቻ ሆነ።

መላው የመጣላት ከራሳቸው ከእትዬ እርሳስ አነጋገር ነው። ያረጀ ክር በተጫወተ ቁጥር ስለሚደክም ለልምምድ ብሎ ማጫወት ክልክል ነው አሉ፤ ክሩ የሚሰማው በዝግጅቱ ቀን አንዴ ብቻ ነው። ቀዩ ካርድ ላይ ደግሞ ያለው የሬዲዮ ስም ነው።

ክሮቹን በቀያየረች ማግስት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ካፖርቱ መስታወት ውስጥ ቆሟል፣ ፎቶው በትልቁ ታትሞ ከጎኑ ተሰቅሏል። ሽቦ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሬዲዮ ማይክሮፎኑን ይዛ እንደ ልማዷ አሳምራ አወራች። ሽቦ አውቶቡስ ውስጥ የተናገረቻቸው ቃላት ሳይቀሩ አንድ በአንድ እየወጡ ነው። «ከዚህ በኋላ ያለውን ራሳችሁ ስሙት» አለችና ለባለ ማጫወቻው ምልክት ሰጠች።

«... ላም የዋጠችውን መኖ እንደገና ወደ አፏ መልሳ ታኝካለች...» አለ አንድ የተረጋጋ የሽማግሌ ድምፅ።

አዳራሹ በሳቅ አበደ። ሬዲዮ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ሳቁ አልቆም ሲል ፊቷ አመድ መሰለ። ሽቦ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች። ይህን ጣዕም ስትጠብቀው ኖራለች፤ እንዳሰበችውም ሆነ።

እትዬ እርሳስ ካርቶኑን አገላብጠው አዩትና ሬዲዮን ጠየቋት። አልነካሁም አለች። ከመደርደሪያው ያወጣሽው አንቺ ነሽ፣ ካርዱ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ «ቦታውን የሳተ ዕቃ ከተቃጠለ ዕቃ አይሻልም» አሉ። ምድር ቤት ያለው ካርቶን ሁሉ አንዱ ካንዱ አይለይም፤ የላሟ ትምህርት ከየትኛው እንደወጣ ካልታወቀ ዕድሜ ልካቸውን ቢፈልጉም ላያገኙት ይችላሉ።

ያን ጊዜ ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ፎቶው ላይ ያለው ወጣት እሳቸው ነበሩ። አፈላልጋ ያገኘቻቸውና የጋበዘቻቸው ሬዲዮ ናት፤ ይህን ሽቦ አታውቅም ነበር።

«ልጄ፣ ክሩ ጠፋ ማለት ነው?» አሉ።

እትዬ እርሳስ ካርቶኑን ዘጉት።

«ውሃ አምጡ ብላ የምትጮኸው እህቴ ናት። ከሞተች ቆየች። ድምጿ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው» አሉና ኮፍያቸውን ማፈላለግ ጀመሩ።

ሽቦ ክው አለች። በሚመጣው ቅዳሜ ማንም ሳያይ ልትመልሰው ትችላለች። ሬዲዮ ግን ዛሬ ተዋርዳ መሄድ አለባት፣ ይገባታል። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አገኙ። ወደ በሩ መራመድ ሲጀምሩ ሽቦ ቀድማቸው ወጣችና ደረጃውን ሮጣ ወረደች።

ካርቶኑን ታቅፋ ስትመለስ ደረጃው ላይ አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ቆም አለች። ሬዲዮ አሳስታ ከላሟ ሆድ ጋር አስቀምጣው ነበር፣ እኔ ፈልጌ አገኘሁት። ይኸው ነው። ማን ይጠረጥራል? ሽማግሌው ድምፁን ይሰማሉ፣ ሬዲዮ ከቤተ መዛግብቱ ትባረራለች፣ የእረፍቱ ሥራ የሽቦ ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩን እየወጣች ደጋገመችው። አሪፍ ነበር፤ አንድም ቃል አይጎድለውም።

አዳራሹ ስትገባ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ሽማግሌው በሩ አጠገብ ቆመዋል።

«የት አገኘሽው?» አሉ እትዬ እርሳስ።

ሽቦ ሬዲዮን አየቻት። ሬዲዮ ነገሩ ገብቷታል፤ ከዓይኗ ያስታውቃል። ግን ማይክሮፎኑን ጨብጣ ትጠብቃለች። ዓረፍተ ነገሩ የሽቦ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሷል። ችግሩ፣ በሐሳቧ የሚሰማት በሬዲዮ ድምፅ መሆኑ ነበር።

«እኔ ነኝ የቀየርኩት» አለች። «ትናንት።»

አዳራሹ አጉረመረመ። እትዬ እርሳስ ለምን እንደሆነ ጠየቋት። ሽቦ ዓይኗን ከሬዲዮ ላይ ሳታነሳ «እሷ ታውቃለች» አለች። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ» አለቻቸው። ይቅርታ የጠየቀችው እሳቸውን ብቻ ነው።

እትዬ እርሳስ ካርቶኑን ተቀብለው እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ። ሽቦ ገባትና የመግቢያ ባጇን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻቸው። ከእንግዲህ ወደ ምድር ቤት አትወርድም። ካርታዎቹ፣ የደረቁት አበቦች፣ ገና ያልተከፈቱት ካርቶኖች ሁሉ አንድ ባንድ መጡባት። እስኪያልቅ ድረስ ልስማው ወይ ብላ በቀስታ ጠየቀች። እትዬ እርሳስ በእርሳሳቸው ወንበሮቹን አመለከቷት።

ክሩ መዞር ጀመረ። ወታደሩ ተናገረ፣ ሰው ጮኸ፣ ያቺ ሴት ተቆጣች። ከሃምሳ ምናምን ዓመት በፊት የነበረው ተመልካች ሳቀ፤ አዳራሹ ውስጥ ግን የሳቁት ሽማግሌው ብቻ ነበሩ። «አሁንም ትቆጣኛለች» አሉ፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ።

ሬዲዮ ማይክሮፎኑን ማቆሚያው ላይ ትታ ከመድረኩ ወረደች። በወንበሮቹ መካከል እየተሽሎከሎከች ወደ ሽቦ መጣች፤ ከሽቦ ጎን አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ልትናገር እንደፈለገች ያስታውቃል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሽቦ ወደ እሷ ስትመጣ አየቻት። ንዴቷ ገና አልበረደም፣ እንዲበርድላትም አልፈለገችም። የምትለው ነገር ካላት ማይክሮፎኑ እዚያው ቆሟል፣ ሰውም አልተበተነም።

ሽቦ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አንስታ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠችና ፊቷን ወደ መድረኩ መለሰች።