እሷ እያለች ንገረን

በሐይቅ ከተማ፣ ከውሃው ፈቀቅ ብላ በተሠራች ቤት ሀዲያና ሱሩር ይኖሩ ነበር። እሷ ከጅዳ ተመላሽ፣ እሱ ባጃጅ ነጂ። ትዳራቸው የሚያስቀና ነበር! ሀዲያ ስታረግዝማ ሱሩር መንገደኛውን ሁሉ በነፃ ሊያሳፍር ምንም አልቀረው። ግን ምን ያደርጋል… ጦርነቱ በወልዲያ በኩል ገፍቶ መጣ። ባጃጁ ተወሰደ፣ ቤቱ ተዘረፈ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡሯ ሀዲያ ከሱሩር ጋር በእግሯ ወደ ደሴ ተሰደደች። ምጥ ያለ ጊዜው መንገድ ላይ ያዛት። በደረሱበት ሆስፒታል እንደወለደች ሕፃኑን ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱት፤ ሐኪሙም ሱሩርን ወደ ውጭ ጠርቶ አነጋገረው። በአገሩ ለወላድ ክፉ ወሬ ፊት ለፊት አይነገርምና! ሱሩርም ቆይቶ ገባና «ሞቶ ነው የተወለደው» አላት። እሷ ሳታየው ቀበረው።

ሰላም ሲወርድ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ሳቃቸው ግን አብሯቸው አልተመለሰም። እነዚያ የሚዋደዱ ባልና ሚስት ሆድና ጀርባ ሆኑ። ማን ያምን ነበር?

ከዓመታት በኋላ ዶክተር ሙሉአለም የሚባል ተመራማሪ መጣ። ልጃቸው እጅግ ቀድሞ ሊወለድባቸው ለተቃረበ ወላጆች ሐኪሞች ክፉውን ወሬ እንዴት እንደሚነግሯቸው ያጠናል። ሰዎች ወላጅ መስለው ይተውናሉ፣ ሐኪሙ ያማክራቸዋል፣ ካሜራ ይቀርፃል። ሀዲያ ፈቃደኛ ሆነች።

«ምነው ቁስልሽን ትነካኪያለሽ?» አላት ሱሩር።

«ሌላዋ እናት እንደኔ እንዳትሆን ነው። አንተም ባሌ ሆነህ ትገባለህ!»

ኩሩ ሴት ናት ሀዲያ!

በቀረጻው ቀን ሆዷ ላይ ትራስ አስራ የሆስፒታል አልጋ ላይ ተጋደመች፤ ሱሩርም አጠገቧ ተቀመጠ። አስረስ የተባለ ወጣት ሐኪም ገባ። ሰላምታ ሰጥቶ አንጀቱ አልችል አለና የሱሩርን ትከሻ ነካ። «ወንድሜ፣ አንዴ ውጭ ላነጋግርህ።» ክፋት አልነበረውም፤ እንዲህ ሲደረግ እያየ ነው ያደገው።

ሱሩር ሊነሳ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አልወጣም! እሷ እያለች ንገረን። እኔ ያን ጊዜ ወጥቼ ነው የበደልኳት…»

ሀዲያ ከአልጋው ቀና አለች። «ምንድን ነው የምትለው?»

«በሕይወት ነበር፣ ሀዲያ። ወላሂ ይተነፍስ ነበር! አይተርፍም ሲሉኝ፣ አይታው ከምትቃጠል ብዬ… ዋሸሁሽ።»

«ያ ረቢ! ሳላቅፈው? ስም እንኳ ሳይኖረው?»

«ስም አለው። ደረቴ ላይ አድርጌ ጆሮው ላይ አዛን አልኩለት። ዑበይዱላህ ብዬዋለሁ። ነፍሱ እስክትወጣ ከእቅፌ አላወረድኩትም።»

ወይ አንቺ እናት! ደረቱን በጡጫ እየመታች አለቀሰች፤ ኋላም እዚያው ደረቱ ላይ፣ ልጇ ባረፈበት ቦታ፣ ፊቷን ደፍታ አለቀሰች። ካሜራው አጠገብ የቆመውም አለቀሰ። ዶክተር ሙሉአለም ቀረጻውን ሊያስቆም እጁን አነሳ።

«አያስቁሙት፣ ዶክተር» አለች በሻሿ ዓይኗን እየጠረገች። ወደ አስረስ ዞረች። «እርስዎም ይቀመጡ። ለኔ ይንገሩኝ። የዑበይዱላህ እናት ነኝ፤ እችለዋለሁ።»

አስረስ ወንበር ስቦ ዓይን ዓይኗን እያየ ነገራት።

አላህ የጻፈውን ማን ይመልሰዋል? ሞት እንደሆነ መንገዱን አይስትም። እናትን ግን ከልጇ የመጨረሻ ትንፋሽ የሚያስቀራት የአላህ ቀድር ሳይሆን፣ የሚወዳት ሰው ርኅራኄ ሆኖ ሲገኝ… አቤት እንዴት ያንገበግባል! ዛሬም ሀዲያ ለሐኪሞቹ ልምምድ እናት ሆና ለመተወን ትመጣለች። ወጣት ሐኪሞች በር ላይ ቆመው «የዑበይዱላህ እናት!» ብለው ይጠሯታል። እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ «አቤት!» ትላለች።