ጥቁሩ ከላይ

የሥዕል ነጋዴው ጋለሪው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ማጅራቱን የመታችው ትንሽ የነሐስ ሐውልት ከጎኑ ወድቃለች። ከበላዩ ደግሞ ነገ ሙዚየም የሚገባው ሥዕል ምንም እንዳልተፈጠረ ተሰቅሏል።

ሐውልቷንም ሥዕሉንም የሠራው ከአምስት ዓመት በፊት ያረፈው ታላቁ ቀራፂ ነው ይባላል። ሐውልቶቹ አደባባዩን ሁሉ ሞልተውታል፤ ሥዕል ግን በዕድሜው ይኼ አንድ ብቻ ነው፣ ያውም ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራ። ሰው የለበት፣ ዛፍ የለበት፤ ግራጫና የዝገት ቀለም፣ ከሥር ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቁር። አዋቂ ነን ባዮች ስለዚያ ጥቁር «የድንጋይ ክብደት» እያሉ ስንት ገጽ ጨርሰዋል።

መርማሪውን ባልደረቦቹ ሁሉ፣ አለቃው ሳይቀር፣ «ጋሼ» ይሉታል። ሬሳውን አይቶ ሲያበቃ ሥዕሉ ፊት ቆሞ አንገቱን አጣመመ። ጥቁሩ ከላይ ነው። ፊርማው በላይኛው ጥግ ተዘቅዝቋል።

«ማን ገለበጠው?» አለች የሟቹ የእህት ልጅ። ጋለሪውን የምትጠብቀውም ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት። «ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ስወጣ ልክ ነበር።»

«ስትወጪ ማን ነበር?»

«አጎቴ ብቻውን። የቀራፂው ባለቤት የሥዕሉን ርክክብ ሊፈርሙ ቀጠሮ ነበራቸው። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ፍሬም ሠሪው ይመጣ ነበር።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሱን ይያዙልኝ ጋሼ። ባለፈው ሳምንት አጎቴ በሰው ፊት ሲያዋርደው፣ ‹እጄ ላይ ትወድቃለህ› ብሎታል። ሥዕል ማውረድና መስቀል ደግሞ የሱ ሥራ ነው።»

ጋሼ ሥዕሉን አውርዶ ጀርባውን አየ። የመስቀያው ሽቦ ከነብሎኖቹ ወደ ተቃራኒው ጠርዝ ተዛውሯል። የብሎኖቹ ራስ ክፉኛ ተቧጭሯል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው የደብዳቤ መክፈቻም ጫፉ ተጣሟል። ጠረጴዛው ላይ ካገኘው የጋለሪው ካታሎግ የሥዕሉን ፎቶ ቀደደና ፊርማው እንዳይታይ አራቱንም ጥግ በመቀስ ቆረጠ። ከዚያ ለልጅቷ አግድም ሰጣት። ጥቁሩን ወደ ታች አዙራ አየችው፤ ምንም አዲስ ነገር እንደሌለበት ነግራ መለሰችለት።

ፍሬም ሠሪውን ሱቁ ውስጥ እንጨት ሲልግ አገኘው። ቀበቶው ላይ ስድስት ካቻቢቴ በመጠን በመጠን ተሰክቷል።

«ትጠላው ነበር?»

«እንዴት አልጠላው? ሠላሳ ዓመት ሠርቼለት ‹አንተ አናጢ› አለኝ። አላለቀስኩለትም፤ አልዋሽዎትም። ግን አሥር ሰዓት ሄጄ ባንኳኳ የሚከፍት አጣሁና ተመለስኩ።»

እሱም ፎቶውን ጥቁሩን ወደ ታች አድርጎ አየው።

የቀራፂው ባለቤት ቤታቸው ተቀበሉት። ለባላቸው ዕድሜ ልክ ጭቃ ያቦኩ፣ ጄሶ የተሸከሙ እጆች አሏቸው።

«ትናንት ጋለሪው ሄደው ነበር እማማ?»

«እግሬን አሞኝ ቀረሁ ልጄ።»

«ሥዕሉ ሙዚየም መግባቱ ደስ አላለዎትም?»

«የሚገባው በባሌ ስም ነው። እሱን ደስ ይበለው።»

ፎቶውን ተቀብለው ጥቁሩን ወደ ላይ አዞሩና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ጋሼ ፎቶውን ተቀብሎ ተነሣ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሥዕሉ ፊት ሰበሰባቸው። ፖሊሶቹ ፍሬም ሠሪውን ለማሰር በር ላይ ቆመዋል፤ እሱም ያውቃል፣ ላብ አጥምቆታል።

«ገዳዩ ሬሳ እግሩ ሥር ተዘርግቶ ሥዕል አወረደ፣ ሽቦ አዛወረ፣ መልሶ ሰቀለ» አለ ጋሼ። «መጀመሪያ ፍሬም ሠሪው መሰለኝ። ብሎኖቹ የተፈቱት ግን በደብዳቤ መክፈቻ ነው። ስድስት ካቻቢቴ የታጠቀ ሰው ምን ሲል?»

ፍሬም ሠሪው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ገዳዩ ሥዕሉን አልገለበጠውም፤ አቃናው እንጂ። ሁለታችሁ ፎቶውን ስሰጣችሁ እንደለመዳችሁት ጥቁሩን ወደ ታች አደረጋችሁ። እማማ ብቻ ሳያስቡት ወደ ላይ አዞሩት።»

«ባላቸው ነግሯቸው ቢሆንስ?» አለች የእህት ልጅ።

«ባላቸው ቢያውቅ ኖሮ ዘቅዝቆ አይፈርምም ነበር። ላይና ታቹን ያልለየው ስላልሣለው ነው።»

አሮጊቷ አላለቀሱም። «ስቱዲዮው የሱ ነበር። እኔ የምሥለው ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ድንጋይ የምትሉት የወጥ ቤቴ ጣሪያ ጥቀርሻ ነው።» ነጋዴው የወደቀበትን ወለል አዩ። «‹የሴት ሥዕል ማን ይገዛል፣ ባልሽ ይፈርምበት› ያለው ይኼ ሰው ነው። ትናንት፣ ሙዚየም ሳይገባ እውነቱን ተናገርልኝ ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ‹አሁን ማን ያምንሻል?› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። እጄ የገባው የባሌ ሐውልት ነው። ሁለቱንም በአንድ ምት ተበቀልኳቸው።»

«ይጸጸታሉ?»

«ሃምሳ ዓመት በመዘግየቴ።»

ጋሼ ደብተሩን አውጥቶ «የቀራፂው ባለቤት» ብሎ ጀመረ። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አዩና ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አሳረፉ።

«እሱን ሰርዝ።»

ሰረዘው። ስማቸውን ከነአባታቸው ነገሩት፤ ጻፈ።

«ሥራ የሚለው ላይ ሠዓሊ በል።»

ጻፈላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ።