በመነጽር የታየ ገደል

የደመላሽን ሬሳ ከዲማ ማዶ ካለው ገደል ሥር ያገኙት እንጨት ለቃሚዎች ናቸው። ኢንስፔክተር ሥራነሽ ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ ጭጋጉ አልተገፈፈም ነበር። ቁልቁል አየች፤ ታቹ አይታይም። አፋፉ ላይ አንድ ትልቅ ወይራ ከነሥሩ ተነቅሎ ተጋድሟል።

«ይህ መቼ ወደቀ?»

«ከትናንት በስቲያ በጣለው ዶፍ፤ ልጁ ከመሞቱ አንድ ቀን ቀድሞ» አሉ አቶ ይስማው፣ እንግዶችን ወደ መናንያኑ ዋሻ በእግር የሚመሩት ሽማግሌ።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል ይባላል።»

«አዎ። ዋሻውንና ገደሉን ቀርጾ፣ ሲያጠልቁት በቦታው የቆሙ በሚያስመስል የምስል መነጽር ሉማሜ ላይ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ የሚመጣ ሰው ጠፋ። ‹አይተነዋል› ይሉኛል። ረግሜዋለሁ፤ አልገደልሁትም። ትናንት ከመናንያኑ ጋር ዋልሁ።»

መናንያኑም ይህንኑ አረጋገጡላት።

ሉማሜ ላይ መነጽሩ የሚታይበትን ክፍል ያከራየችው ነጋዴዋ ረሺዳ ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ጉልበት የከዳቸው አዛውንቶች መነጽሩን ሲያጠልቁ በደስታ ያለቅሳሉ። ወጣቶቹ ግን ‹ነፋሱስ? ጠረኑስ?› ይሉታል። መናንያኑም ‹ተወን› ብለው ልከውበታል። ደመላሽ በዚህ ሲብሰለሰል ነበር።»

መነጽሩን የሚያሠራው የደመላሽ ሸሪክ እንዳላማው ግን ትከሻውን ሰበቀ።

«እኔ እግሬ እዚያ ረግጦ አያውቅም። ሰው ለምን ይደክማል?»

«እንዴት የወደቀ ይመስልሃል?»

«ጭጋግ ነው። አፋፉ ደግሞ የሚጨብጡት ዛፍ እንኳ የሌለው መላጣ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። በመነጽሩ ስንቴ አይቼዋለሁ።»

ሥራነሽ መነጽሩን አጠለቀች። ወዲህ ዞረች፣ ወዲያ ዞረች። አወለቀችውና ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ይስማው ጥላቻቸውን አልደበቁም፤ የዋሉበትም ታውቋል። ረሺዳ ከሱቋ እንዳልወጣች ጎረቤቶቿ መስክረዋል። አንተ ግን አፋፉ ዛፍ የለውም አልኸኝ። በመነጽሩ ውስጥ ወይራው እንደቆመ ነው። ዛፉ የወደቀው ደመላሽ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ነው። ማንም ካልነገረህ፣ መላጣውን አፋፍ ያየኸው በዓይንህ ነው።»

እንዳላማው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ቀረጻውን ሊያጠፋው ነበር» አለ። «መናንያኑን ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ሲወጣ ተከተልሁት። ለመንሁት፤ እምቢ አለ። ገፋሁት።»

ረሺዳ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ጥልቀቱን እያየህ?» አሉ አቶ ይስማው፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ» አለ እንዳላማው፣ ጆሮዎቹን በመዳፎቹ እየደፈነ። «የሰው ጩኸት ግን ታች እስኪደርስ እንዲህ ይቆያል ብዬ አላሰብሁም።»