ደረጃው ላይ ያልተቆረጠው ድምፅ

የኔትወርክ ባለሙያው ዋርሳን የተገኘው ከቢሮው ኋላ፣ ለአጥር ሥራ በተከመረው ድንጋይ ላይ በጀርባው ወድቆ ነው። ከሦስተኛው ፎቅ በላይ ካለው ሰገነት እስከ ድንጋዩ ድረስ ሰው የሚይዘው ነገር አልነበረም። የመፍቻ ቀበቶው ከወገቡ አልተፈታም። የግቢው ዘበኛ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ወደ ቧንቧው ሲሄድ አይቶት «ኢና ሊላሂ!» ብሎ ሲጮህ፣ የቢሮው ባለቤት የጉባን ዲዛይን ድርጅት ሰዎች በየክፍላቸው በር ዘግተው ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ኢንስፔክተር ሳምሳም እስክትደርስ 26 ጁን የሚባለው የከተማው ሠፈር ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር። ገዳዩ ቸርነት ነው፤ ከዋርሳን ጋር ሰገነቱ ላይ የኢንተርኔት ገመድ ሲዘረጋ የዋለው ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሪሺያን። ቸርነት ብሎን በወረቀት ጠቅልሎ ከገበያ ሲመለስ ሕዝቡ በሩ ላይ ጠበቀው። ፖሊስ ባይደርስ ኖሮ ሬሳው ሁለት ይሆን ነበር። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ ግንዱ የሰው አገር ከሆነማ ምሳር የሌለውም ሊዋስ ይሮጣል።

ምክንያትም አልጠፋለትም። የሚስቱ የብርቅነሽ ወንድም ኢዩ እስር ቤት ነው። ይኸው ድርጅት ያሠራው ክሊኒክ የበረንዳ ጣሪያ ተደርምሶ አንድ ዘበኛ ሲገድል፣ «አርማታውን ያበላሸው እሱ ነው» ተብሎ የተፈረደበት ግንበኛ ነው። «ቂሙን ተወጣ» አለ ሠፈሩ። ቸርነት ከነገ ወዲያ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው፤ እሱም ከተፈረደበት ብርቅነሽ በምትኖርበት በዳሚ ሠፈር ውስጥ በር የሚያንኳኳላት ሰው አይቀራትም። ከጣቢያው አጥር ውጭ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማ፣ ሳምሳም ስትገባ ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም።

ሳምሳም ልጅነቷን በስደት ያሳለፈችው ድሬዳዋ ነው። አማርኛዋም የድሬ ነውና አንቱታ የሚባል ነገር አይገባትም፤ ለሚኒስትርም ለዘበኛም «አንተ» ናት።

«ማን ነው ገበያ የላከህ?» አለችው ቸርነትን።

«እሱ ራሱ። ‹ሰው ሊያናግረኝ ይመጣል፤ አንተ ለላይኛው ራውተር ብሎን ገዝተህ ና› አለኝ።»

«ማን?»

«ስሙን አልነገረኝም። ‹ስለ ኢዩ ደስ የሚልህ ወሬ አለኝ፤ ከስብሰባው በኋላ እነግርሃለሁ› ነው ያለኝ። እመብርሃንን! እርስዎ ይፍረዱ፤ እንዲህ ያለኝን ሰው እገፋለሁ?»

«ይህን ለፖሊሶቹ ነግረሃል?»

«በአማርኛ ነገርኳቸው። እነሱ በሶማልኛ ጻፉ።»

ሳምሳም ከንፈሯን ነከሰች። ያፈረችው በባልደረቦቿ ነበር። «ከዚያ በፊት ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» አለች።

«በየፎቁ ዋይፋይ የሚያሰራጭ አዲስ ራውተር ሰቀልን። ሲጨርስ ስልክ አስይዞ ‹ከታች እስከ ላይ እያወራህ ውጣ› አለኝ። ምን ላውራ? ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ ያለውን መንደር ሁሉ ጠራሁለት። እሱ ላይ ሆኖ ይስቃል። ‹አልተቆረጥክም እኮ! ገና ማንም አያውቅም፤ ከስብሰባው በኋላ አሳይቼ አስደንቃቸዋለሁ› አለኝ። እንደ ሕፃን ነበር ደስ ያለው።»

በማግስቱ ጠዋት ሳምሳም ወደ ቢሮው ሄደች። ሳጅን ናጂብን እንግዳ መቀበያው ላይ አስቀምጣ አንድ ትእዛዝ በጆሮው ነገረችው። ናጂብ አልገባውም፤ ቢሆንም «እሺ» አለ። የድርጅቱ ሰዎች ኢትዮጵያ የተማሩ ስለነበሩ ወሬው ሁሉ በአማርኛና በሶማልኛ ቅይጥ ነበር።

ባለቤቱ ዳሂር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ቢሮው። ጸጉሩ የሸበተ፣ ከትናንት ጀምሮ ያልተኛ ሰው ነው።

«አንድ ቤት ውስጥ ሆናችሁ ለምን በየክፍላችሁ ትሰበሰባላችሁ?» አለችው።

«ደንበኛችን በርበራ ከተማ ነው፤ በኢንተርኔት ይገባል። እኛም የግንባታውን ሥዕል በየኮምፒዩተራችን ከፍተን፣ በስልካችን እየተነጋገርን አብረን እናርማለን። ቪዲዮ ኔትወርክ ስለሚበላ አንከፍትም። ከሚናገረው በቀር ሁሉም ማይኩን ይዘጋል።»

«መሀል ላይ ተነሥቶ የወጣ ሰውስ?»

«እንዴት ይወጣል እህቴ? እዚህ ቤት እያንዳንዱ ፎቅ የየራሱ ዋይፋይ ነው ያለው። ደረጃ ላይ ስትደርሺ ትቆረጫለሽ፤ ተመልሰሽ ስትገቢ ደወል ይጮህብናል። ስብሰባ ከተጀመረ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ነን፣ ንቅንቅ የለም። ትናንት ማንም አልተቆረጠም፤ ደወልም አልሰማሁም። ወላሂ፣ የእኔ ሰዎች ከወንበራቸው አልተነሡም።»

«አዲሱ ኔትወርክስ?»

«በሚቀጥለው ሳምንት ይጀምራል ብሎኝ ነበር፣ አላህ ይርሐመው። ሠራተኛው ላፕቶፑን ይዞ እንደልቡ እየተንቀሳቀሰ ይሠራል፤ ከግንባታው ሳይት ሆኖም ሥዕል ያርማል ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ወጪው ነበር የሚታየኝ።»

ሰገነቱን እንዲያሳያት ተነሡ። ከክፍሉ ሲወጡ ናጂብ በዋይፋይ በሚሠራው የቢሮው መስመር ስልኩ ላይ ደውሎ ስለ መኪና ማቆሚያ ይጠይቀው ጀመር። ዳሂር የደረጃው ሥር ሲደርስ ቆመ። «ቆይ ሳጅን፣ ደረጃ ልወጣ ነው፤ መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋና ወጣ።

አርኪቴክቷ አርዶ ሁለተኛ ፎቅ ናት። ዓይኗ ከልቅሶ ብዛት አብጧል።

«ዋርሳን ምን ሆኖ ነበር ሰሞኑን?» አለቻት ሳምሳም።

«በየኮምፒዩተራችን የተበተነውን ሥዕል አንድ ቦታ ያሰባስብ ነበር፤ ከየትም ሆነን አንድ ላይ እንድንሠራበት። በቀደም መጥቶ ‹የክሊኒኩ በረንዳ ምሰሶ ስንት የፌሮ ብረት ነበረው?› አለኝ። ‹ስምንት ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ ያስጨመርኩት› አልኩት። ዝም ብሎ ወጣ። እንደዚያ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም።»

«ስብሰባው ላይስ የተለየ ነገር?»

«ምንም። መሐንዲሱ ፈርሐን ስለ ሕንፃው መሠረት ሲያብራራ አዛን መጣበት። ሁለት አዛን ተደራረበና ምንም አልሰማ አለን። ዳሂር ‹ማይክህን ዝጋ› አለው። ዘጋ፤ ቆይቶ ተመልሶ ጨረሰ።»

ለእሷም ደወሉላት። አርዶ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ፣ የናጂብን የማያልቅ ጥያቄ መልሳ ጨርሳ፣ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው ሽቅብ የወጣችው።

የመጨረሻው ዋና መሐንዲሱ ፈርሐን ነበር። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ ከጄኔሬተሩ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል፣ መስኮት የለውም። ፈርሐን ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦላት ውኃ አስመጣላት።

«እኔ አብዛኛውን ጊዜ ስናገር ነበር» አለ። «ድምፄ አንዴም አልተቆረጠም፤ ጠይቂያቸው። የእኛ ዋይፋይ ጠባዩ ይታወቃል፣ ደረጃ የረገጠ ይቆረጣል።»

«አዲሱን ሰቅሎት የለም እንዴ?»

«መስቀል ሌላ፣ ማስጀመር ሌላ። እስከ ዛሬ የምንሠራው በድሮው ነው። ምስኪን ዋርሳን፣ ሳያየው ቀረ።»

«ቸርነትን ትጠረጥራለህ?»

«ሰው መወንጀል አልወድም። ግን የሚስቱ ወንድም በታሰረ በወሩ ለሥራ መምጣቱ... እኔ ብሆን አልቀጥረውም ነበር።»

ወደ ሰገነቱ ተነሡ። ናጂብ ደወለ። ፈርሐን ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ስለ መኪና ማቆሚያው በትዕግሥት እያስረዳ አንደኛውን ፎቅ አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛውንም አለፈ። ሰገነቱ በር ላይ ሲደርስ «እሺ ሳጅን፣ ምንም አይደል» ብሎ ዘጋ። ሳምሳም እያለከለከች ተከተለችው።

የቀትሩ የዙህር አዛን ሲደርስ ናጂብን ሰገነቱ ላይ አቁማ፣ ራሷ ምድር ቤት ወርዳ የፈርሐን ክፍል ውስጥ በሩን ዘግታ ቆመች። የሰማችው ጄኔሬተሩን ብቻ ነው። በኋላ ከሰገነቱ የወረደውን ናጂብን «ምን ሰማህ?» አለችው።

«አዛን ነዋ። አንዱ ከዋናው መንገድ፣ አንዱ ከጀርባ ካለው መስጊድ። ተደራርበው ጆሮዬን አደነቆሩኝ።»

ከምሳ በኋላ ሦስቱንም ዳሂር ክፍል ሰበሰበቻቸው። በሩን የዘጋችው ራሷ ናት። ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ሁላችሁም አንድ ነገር ነገራችሁኝ፤ ድምፁ ያልተቆረጠ ሰው ከወንበሩ አልተነሣም። ለዓመታት እውነት ነበር። ግን ከትናንት ስብሰባ በፊት ውሸት ሆኗል። ዋርሳን አዲሱን ኔትወርክ ትናንት አስጀምሮታል። አሁን ራውተሮቹ ስልክህን ከፎቅ ፎቅ ይቀባበሉታል፤ እያወራህ ብትወጣ ማንም አያውቅም።»

«ትናንት?» አለ ዳሂር ደንግጦ።

«ትናንት። ቸርነትን ደረጃው ላይ እያስወራ ሞክሮታል። ስለዚህ ስብሰባ ላይ መሆን ለማናችሁም መከላከያ አይሆንም። ጥያቄው አንድ ነው፤ መጀመሩን ማን ያውቅ ነበር? ዛሬ ከእያንዳንዳችሁ ጋር ደረጃ ወጥቻለሁ። አንተ ዳሂር ደረጃው ሥር ስልክህን ዘጋህ። አርዶ ቁጭ ብላ ጨረሰች። በድሮው የለመደ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ፈርሐን ግን በአፉ ‹ደረጃ የረገጠ ይቆረጣል፤ እስከ ዛሬ የምንሠራው በድሮው ነው› አለኝና፣ ወዲያው እያወራ እስከ ሰገነት ወጣ።»

ፈርሐን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እግሬ ነው የሚከሰሰው?»

«ብቻውን ቢሆን አልከስህም ነበር። ማይኩን የሚከፍተው የሚናገረው ብቻ ነው ብላችሁኛል። አንተ ስትናገር ሁለት አዛን ተደራርቦ ገባ። ያንተ ክፍል ውስጥ አንድም አዛን አይሰማም፤ ቆሜ አረጋግጫለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ የሚሰማው ሰገነቱ ላይ ነው።»

አርዶ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሳምሳም ወደ እሷ ዞረች። «ዋርሳን ያሰባሰበውን ክፈቺልኝ። ለክሊኒኩ ሳይት የተላከው ሥዕል ስንት ፌሮ ይላል?»

አርዶ ላፕቶፑን ከፈተች። ብዙ አልፈለገችም። «አራት» አለች። «የእኔ እርማት የለበትም። የላከው ፈርሐን ነው።»

«ይህንን ነው ዋርሳን ያየው። ፈርሐን፣ ትናንት ሊያናግረው የሚመጣው ሰው አንተ ነበርክ። ለክሊኒኩ ሞት ኢዩን አሸከምከው፣ ተሸከመልህ። ለዋርሳን ሞት ደግሞ ሳትጠራው ቸርነት መጣልህ። ሠፈሩ ጮኸልህ፤ አንተ ዝም ማለት ብቻ ነበር የቀረህ።»

ፈርሐን መናገር ጀመረ፤ የሚያየው ጠረጴዛውን ነበር።

«ስህተት ነበር። ሳይቱ ይቸኩላል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ የአርዶን እርማት ሳልጠብቅ እኔ ጋ ያለውን ኮፒ ላክሁ። ጣሪያው ሲወድቅ ‹አርማታው ነው› ያለው ሌላ ሰው ነው። እኔ እሺ አልኩ እንጂ አላልኩም። ትናንት ዋርሳን ደውሎ ‹እስከ ስብሰባው መጨረሻ ራስህ ንገራቸው፤ አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ‹አሁን ልምጣና እንነጋገር፣ ግን ተራዬ ደርሷል› ስለው ‹እያወራህ ውጣ፣ ከዛሬ ጀምሮ አይቆረጥብህም› አለኝ። እሱ ነው የነገረኝ። ለመንኩት። ‹ሰውዬው ታስሯል እኮ› አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ገመዱ ጎንበስ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ማይኬን ከፍቼ ስለ መሠረቱ ጨረስኩ።»

አርዶ ተነሥታ ወጣች። ዳሂር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትናንት በሩ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ «ሐበሻው ነው» ብሎ መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነበር።

ቸርነት በማግስቱ ረፋድ ላይ ተፈታ። ብርቅነሽ አቅፋው ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ለቅቃው ወደ ሳምሳም ዞረች። «ኢዩስ?» አለች።

«የእሱ ወረቀት ጊዜ ይፈልጋል። መንገር ግን ዛሬ ይቻላል» አለች ሳምሳም፤ በራሷ መኪና እስር ቤት ድረስ ወሰደቻቸው።

ኢዩ ከስቷል። ቸርነት ሲነግረው ፊቱ ምንም አልተለወጠም።

«አርማታውን ግን እኔ ነኝ ያቦካሁት» አለ።

«አርማታው ደህና ነው። ፌሮው ነው ያነሰው። ሥዕሉ ነው የተሳሳተው፤ አንተ አይደለህም ወንድሜ።»

«ሲሚንቶው አንሶ ይሆናል ብዬ አምኜ ነበር እኮ። ሌሊት ሌሊት እንደገና ስለካው ነበር የማድረው።»

ብርቅነሽ ልትይዘው እጇን በብረቱ መሀል ዘረጋች። ኢዩ እጇን ይዞ አንገቱን ደፋ። ሳምሳም የደስታ ልቅሶ መስሏት ፊቷን መለሰች።

«የሟቹ ዘበኛ ሚስት እዚህ መጥታ ነበር» አለ ኢዩ ቀስ ብሎ። «ልጆቿን ይዛ። እግሯ ላይ ወድቄ ‹ባልሽን ገደልኩት› አልኳት። አነሣችኝ። ‹ለአላህ ብዬ ይቅር ብየሃለሁ› አለችኝ፤ ይህን ለማለት ስንት ጊዜ በሩ ድረስ መጥታ እንደተመለሰች ነገረችኝ። አሁን እሷን ምን ልበላት? ማነው ሄዶ ይቅርታሽ ያለቦታው ነበር፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሪ የሚላት?»