የሰባት ሰዓቱ አውሮፕላን

መምህር እንዳለው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ደባርቅ በሚገኘው ቤቱ ውስጥ ጭንቅላቱ በዘነዘና ተቀጥቅጦ ተገኘ። ሬሳው ገና ትኩስ ነበር። ቅዳሜ ሲቀበር ሚስቱ ደብሪቱ አልነበረችም፤ ጣቢያ ታስራለች። አማቷ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ «አምስት ሰዓት ተኩል ግድም በጓሮ ስትሮጥ በዓይኔ አይቻታለሁ» ብለው መስክረውባታል። መነኩሲት ትዋሻለች ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

እሑድ ረፋድ ላይ ኢንስፔክተር አገርነሽ ከጎንደር ስትደርስ፣ ደብሪቱን ወደ ወህኒ የሚወስደው መኪና ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አገርነሽ ደግሞ የተቻኮለ እስር አትወድም።

«ሌላ ማን ይጠላው ነበር?» ስትል ጉዳዩን የያዘውን አሥር አለቃ መንግስቴን ጠየቀችው።

«ወንድሙ ዋሴ ነዋ። የአባታቸውን ቦታ ለሎጅ ልቀቅልኝ ሲለው ሟች እምቢ ብሎታል። ግን እሱ የዚያን ለት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የመጣ። ቲኬቱን አይቻለሁ፤ ሰባት ሰዓት ተነሥቶ ስምንት ከአሥር ጎንደር አረፈ። እዚህ እየጮኸ ሲገባ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሰው ሁሉ አይቶታል።»

አገርነሽ ቲኬቱን ተቀብላ አየችው። 07:00 ይላል፤ ከሥሩ 08:10። መንግስቴ ሁለት ቀን ሙሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም መክረሙ ገባት። ወደ ልቅሶው ድንኳን ሄደች።

«እግዜር ያጥናህ» አለችው ዋሴን። «መንገዱ እንዴት ነበር?»

«በመኪና ሁለት ቀን የሚፈጀው በአንድ ሰዓት ከአሥር! ምን ዋጋ አለው፣ ወንድሜን አልደረስኩበትም።»

«መስኮት አጠገብ ነበርክ?»

«አዎ፣ በቀኝ በኩል። ፀሐይ ፊቴን ስትጠብሰኝ መከለያውን አወረድኩት።»

አገርነሽ ደብሪቱን አስጠራቻት። ሴትዮዋ በካቴና ታስራ ስትገባ ለቀስተኛው ምራቁን እንትፍ አለባት። አገርነሽ እጇን አንሥታ ለቀስተኛውን ገታች።

«ጎንደር ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ነው» አለች። «ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው ቀኙ ምሥራቅ ነው። ከቀትር በኋላ ፀሐይ በምሥራቅ መስኮት ትገባለች? አትገባም። መንግስቴ ሰባትን እንዳገሩ ሰው አነበበው። አውሮፕላን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የፈረንጅ ሰባት የእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ዋሴ፣ ሁለት ከአሥር ላይ ጎንደር ነበርክ። በመኪና ሦስት ሰዓት ጨምር፤ አምስት ሰዓት እንዳለፈ እዚህ ቤት ገብተሃል። ከገደልከው በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተደብቀህ ዋልክ።»

«እኔ መቼ ሰባት አልኩ?» አለ ዋሴ እንደ መሣቅ እያለ። «ሰባት ያለው እሱ ነው። ዝም ማለት ወንጀል ነው?»

መንግስቴ አንገቱን ደፋ። አገርነሽ ግን ድንኳኑ ጥግ ወደተቀመጡት አሮጊት ዞረች።

«እማሆይ፣ በጓሮ ሲሮጥ ያዩት ማንን ነው?»

እማሆይ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት።

«አንዱን አፈር በላብኝ» አሉ። «ሁለተኛውን በእጄ ላስረክብ ኑሯል? ምራት ይገኛል። ልጅ ከየት ይመጣል?»

ዘጠኝ ዓመት ውኃ ስትቀዳላቸው፣ እግራቸውን ስታጥባቸው የኖረችው ደብሪቱ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እኔንስ እማሆይ፣ ሰው አልወለደኝም?»

መንግስቴ ካቴናውን ከእጇ ፈትቶ ዋሴ ላይ አጠለቀው። የእማሆይ ዓይን የዋሴ እጅ ላይ ነበር።