ወደ ሞጣ ያልሄደው በሽተኛ

እሑድ ጠዋት አስናቀው ቢቸና ባለው ቤቱ ሞቶ ሲገኝ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። አምና ሞጣ ሆስፒታል ሆዱን ተቀዶ የዳነ ሰው ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ በሽታው አገረሸበት ብሎ ለቀብር ተሰናዳ። ኢንስፔክተር ትርሲት ግን ቀብሩን አስቆመች። ሟቹ በማግስቱ በአንድ የነፍስ ግድያ ክስ የታሰረው ሰው ገዳይ አለመሆኑን ሊመሰክር ተጠርቶ ነበር።

ከአልጋው ሥር ዋንጫ አግኝታ አሸተተች። የኮሶ አተላ ነበረበት። ሞጣ ቀዶ ጥገናውን ወዳደረጉለት ሐኪም ደወለች።

«ከቀዶ ጥገና በኋላ አንጀት እርስ በርሱ ተጣብቆ ሊዘጋ ይችላል» አሉ ሐኪሙ። «በጊዜ ቢመጣ አላቅቀን እናድነው ነበር። የሚያስቀምጥ ነገር ከጠጣ ግን የተዘጋው አንጀት ይበሳል። ይህን አምና ለአስታማሚው አስጠንቅቄያለሁ።»

የሟቹ ሚስት ማናለሽ አልካደችም።

«እኔ ነኝ ያጠጣሁት። ዓርብ ማታ ሆዱን አሞት ሞጣ ውሰዱኝ ሲል፣ ሰማው የሚባለው ወንድሙ ቅዳሜን መኪና ፍለጋ ገበያ ውሎ አጣሁ አለ። ማታ ኮሶውን ሰጠኝ፤ የሐኪሙ ትእዛዝ ነው ብሎ።»

«አልሰጠኋትም» አለ ሰማው።

መድኃኒት አዋቂው መሪጌታ ወልደ ኪዳን ተጠየቁ።

«ቅዳሜ በማለዳ ኮሶ የወሰደው ሰማው ነው። ለራሴ ነው ብሎኛል።»

«እውነት ነው» አለ ሰማው። «ያኔውኑ ጠጣሁት።»

ትርሲት ሦስቱንም በለቀስተኛው ፊት አስቀመጠቻቸው።

«አምና ሞጣ ያስታመመው ማን ነው?»

«ሰማው» አለች ማናለሽ። «እኔ አራስ ነበርኩ።»

«እንግዲህ ማስጠንቀቂያውን የሰማው እሱ ብቻ ነው። አቶ ሰማው፣ ኮሶ የጠጣ ሰው ከደጁ አይርቅም። እርስዎ ግን ቀኑን ሙሉ ገበያ ዋሉ። ስለዚህ ኮሶውን አልጠጡትም። ደግሞስ በገበያ ቀን የሞጣ መኪና ይታጣል? እኔ ራሴ ትናንት ረዳቶቹ ሞጣ፣ ሞጣ እያሉ ሲጣሩ ሰምቻለሁ። ወንድምዎን ዝም ማሰኘት የሚፈልግ እውነተኛው ገዳይ ብቻ ነው፤ ነገ ሊናገር የነበረው ያ ገዳይ እርስዎ መሆንዎን ነው።»



«ዝም በለኝ ብዬ ለምኜው ነበር» አለ ሰማው። «ሰው በሐሰት ታስሮ እንዴት ዝም እላለሁ አለኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ማናለሽ ኮሶውን ያጠጣችባቸውን እጆቿን ዘርግታ ትመለከት ነበር።

«መረረኝ ሲለኝ» አለች በቀስታ፣ «ለመዳን ነው፣ ጨርሰው አልኩት።»